የአየር ንብረት ሞዴሎች ያለፈውን ዘመን ምን ያህል ያውቁታል? ጉባና የአባይ ተፋሰስ እንደ ማሳያ

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በመተከል ዞን ጉባ ወረዳ የተገነባው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋዩ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተቀምጦ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በይፋ ተመርቋል። ሐይቁ ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። አባይ ድንበር ተሻግሮ ይዞት የሚሄደው ውሃ በረጅም ዘመን አማካይ በዓመት 49 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ በመሆኑ፣ ግድቡ የአንድ ዓመት ተኩል ፍሰት የሚያህል ውሃ ያጠራቅማል ማለት ነው። ከዚህ የተነሳ ለግድቡ ወሳኝ የሚሆነው የአንድ ክረምት ማነስ ወይም መብዛት ብቻ ሳይሆን ተከታትለው የሚመጡ ክረምቶች ጠባይ ጭምር ነው።

የመጪዎቹ 30 ወይም 50 ዓመታት ክረምት ምን ሊመስል እንደሚችል ሲጠየቅ መልሱ የሚፈለገው ከአየር ንብረት ሞዴሎች ነው። ሞዴሎቹ ስለ ወደፊቱ የሚሰጡትን ውጤት ዛሬ ከእውነታው ጋር ማመሳከር አይቻልም። ማመሳከር የሚቻለው ስለ አለፈው ዘመን የሚሰጡትን ነው። ስለዚህ አንድ ሞዴል ለውሃ፣ ለኃይል ወይም ለግብርና ዕቅድ ከመዋሉ በፊት ያለፈውን የአካባቢውን አየር ንብረት ምን ያህል መልሶ እንደሚያሳይ ይመዘናል። ምዘናው ቀላል ቢመስልም በርካታ ወጥመዶች አሉበት፤ በተለይም እንደ ጉባ ባለ፣ በራሱ ዝናብ ሳይሆን ከሩቅ ደጋ በሚመጣ ውሃ በሚኖር ሥፍራ። (ከዚህ በታች «እ.ኤ.አ.» የሚል ምልክት ያላቸው ዓመታት በጎርጎርዮሳዊው፣ «ዓ.ም.» የሚል ያላቸው በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ሞዴል ያለፈውን ዘመን «ያሳያል» ሲባል ምን ማለት ነው?

የአየር ንብረት ሞዴል የከባቢ አየርን፣ የውቅያኖስን፣ የመሬትንና የበረዶን እንቅስቃሴ በፊዚክስ ሕግጋት የሚያሰላ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው። ዓለምን በሣጥኖች ከፋፍሎ በእያንዳንዱ ሣጥን ውስጥ ሙቀትን፣ ነፋስን፣ እርጥበትንና ዝናብን ያሰላል። መላውን ዓለም የሚሸፍኑት ሞዴሎች የአንድ ሣጥን ጎን አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 250 ኪሎ ሜትር ነው። በልዩ ልዩ አገሮች የሚገኙ የምርምር ማዕከላት ሞዴሎቻቸውን በአንድ ዓይነት ሁኔታ አስልተው የሚያነጻጽሩበት ዓለም አቀፍ መርሐ ግብር ሲሚፕ በመባል ይታወቃል። አምስተኛው ዙር ያለፈውን ዘመን እ.ኤ.አ. ከ1850 እስከ 2005፣ ስድስተኛው ዙር ደግሞ ከ1850 እስከ 2014 ያሰላል።

እዚህ ላይ ብዙ አንባቢዎች የሚሳሳቱበት ነጥብ አለ። ለእነዚህ «ታሪካዊ» ለሚባሉ ስሌቶች የሚሰጠው መረጃ በከባቢ አየር ውስጥ የነበረው የካርቦን ዳይኦክሳይድና የሌሎች ጋዞች መጠን፣ የእሳተ ገሞራ ፍንዳታዎች፣ የፀሐይ ኃይል መለዋወጥ፣ በአየር ላይ የሚንሳፈፉ ብናኞችና የመሬት አጠቃቀም ለውጥ ነው። የትኛው ዓመት ኤልኒኖ እንደነበረ ግን አይነገራቸውም። ሞዴሉ ውቅያኖሱንም ራሱ ስለሚያሰላ የራሱን ኤልኒኖና የራሱን ላኒና በራሱ ጊዜ ይፈጥራል። በመሆኑም በአገራችን የ1977ቱን ረሃብ ያስከተለው የ1976 ዓ.ም. ክረምት መክሸፍ በሞዴሉ ውስጥ በዚያው ዓመት እንዲታይ መጠበቅ ትክክል አይደለም። ሞዴሉ በዚያ ዓመት ጥሩ ዝናብ ቢያሳይም ስህተት ሠራ አይባልም። ሊጠየቅ የሚገባው፣ በብዙ አሥርተ ዓመታት ውስጥ እንደ 1976ቱ ያለ ክረምት ስንት ጊዜ እንደሚያሳይ፣ ምን ያህል እንደሚከፋና ምን ያህል ዓመት እንደሚቆይ ነው።

ይህ ልዩነት ባለመጤኑ፣ የዓለም አቀፍ ሞዴልን የየዓመቱን ዝናብ ከአሶሳ ጣቢያ የየዓመቱ ዝናብ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ተዛምዷቸውን በቁጥር አውጥቶ፣ በዚያ ቁጥር ሞዴሎችን ደረጃ መስጠት በጥናቶች ውስጥ ይታያል። እንዲህ ያለው ደረጃ ትርጉም የለውም። ቀዳሚ የወጣው ሞዴል ቀዳሚ የወጣው በአጋጣሚ ነው።

ዓመትን ከዓመት ማመሳከር የሚፈቅደው ሌላ ዓይነት ስሌት ነው። አካባቢያዊ ሞዴሎች የሚባሉት አንድን አህጉር ወይም ቀጣና ብቻ በትናንሽ ሣጥኖች ያሰላሉ፤ በዳር ድንበራቸው የሚገባውን ነፋስና እርጥበት ደግሞ ከውጭ ይቀበላሉ። በኮርዴክስ መርሐ ግብር ሥር ለአፍሪካ የተሠሩት መጀመሪያ ወደ 50 ኪሎ ሜትር፣ በኋላም ወደ 25 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ የሣጥን ስፋት ነው። በግምገማ ዙራቸው በዳር ድንበር የተሰጣቸው ሌላ ሞዴል የፈጠረው ሳይሆን በልኬት ላይ ተመሥርቶ የተዘጋጀ የእውነተኛው ዘመን የከባቢ አየር መረጃ ነበር። እነዚህን «በዚያ ዓመት ክረምቱ ከሸፈ ወይስ አልከሸፈም?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ያለፈው ዘመን ራሱ ምን ያህል ተለክቷል?

ሞዴልን ለመመዘን ሚዛን ያስፈልጋል፤ ሚዛኑ ደግሞ የዝናብ፣ የሙቀትና የወንዝ ልኬት ነው። በኢትዮጵያ የዝናብ መለኪያ ጣቢያዎች ከጥንት ጀምሮ በብዛት የተተከሉት በከተሞችና በመኪና መንገዶች ዳር፣ በአመዛኙም በደጋውና በወይና ደጋው ነው። የምዕራቡ ቆላ ጣቢያዎች ጥቂት ናቸው፤ ረጅም ዘመን ያልተቋረጠ መዝገብ ያላቸው ደግሞ ከዚያም ያነሱ ናቸው። በጦርነት ዓመታት የተቋረጡ መዝገቦችም አሉ።

በዓለም አቀፍ ደረጃ ተዘጋጅተው በነፃ የሚገኙ የዝናብ መረጃዎች ይህን ክፍተት የሚሞሉበት መንገድ የተለያየ ነው። በእንግሊዝ አገር በኢስት አንግልያ ዩኒቨርሲቲ የሚዘጋጀው መረጃ በጣቢያዎች ላይ ብቻ የተመሠረተ ነው። በአንድ ቦታ ዙሪያ በቂ ጣቢያ ሲያጣ የዚያን ወር የረጅም ዘመን አማካይ ይሞላል። በዚህ ምክንያት ጣቢያ በሌለበት ቆላ ዝናቡ ከዓመት ዓመት የማይለዋወጥ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይህን የማያውቅ ገምጋሚ በትክክል የሚለዋወጠውን ሞዴል «መለዋወጥ ያበዛል» ብሎ ሊኮንነው ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ያለውና ቺርፕስ የተባለው መረጃ በበኩሉ የሳተላይት የደመና ሙቀት ልኬትን ከጣቢያዎች ጋር አዋሕዶ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ስፋት ያቀርባል።

ለአገራችን የተሻለው መነሻ የኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት፣ በቀድሞ ስሙ ብሔራዊ ሜትዎሮሎጂ ኤጀንሲ፣ ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ያዘጋጀው መረጃ ነው። በዚህ ሥራ ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶ/ር ቱፋ ዲንቁ የመሪነት ድርሻ ነበራቸው። መረጃው ለዓለም አቀፍ ማዕከላት ያልደረሱትን የአገር ውስጥ ጣቢያዎች መዝገብ ጭምር ከሳተላይት ጋር ያዋሐደ በመሆኑ፣ ከውጭ ከሚመጡት ይልቅ የአገሩን መልክ ያውቃል። ያም ሆኖ አንድን ሞዴል በአንድ መረጃ ብቻ መመዘን አይበቃም። ሁለት የልኬት መረጃዎች እርስ በርሳቸው የሚለያዩትን ያህል ብቻ ከልኬት የራቀ ሞዴል ስህተተኛ ነው ለማለት አያስደፍርም።

ከሁሉ የተሻለው የዝናብ መለኪያ አባይ ራሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ወንዙ በ176,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ የወረደውን ዝናብ ሰብስቦ በአንድ ቦታ ያልፋል። እ.ኤ.አ. ከ1956 እስከ 1964 የአሜሪካ የመሬት ማልሚያ ቢሮ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ባካሄደው የአባይ ተፋሰስ ጥናት የወንዝ መለኪያ ጣቢያዎች ተቋቁመዋል፤ ዛሬ ግድቡ ባለበት አቅራቢያ «የድንበር ግድብ» በሚል ስም አንድ ቦታ የተጠቆመውም በዚያው ጥናት ነው። ከድንበሩ ማዶ ሱዳን ውስጥ የሚደረገው ልኬትም የረጅም ዘመን ምስክር ነው። ከዚህም ወደ ኋላ ከተሄደ፣ በካይሮ ሮዳ ደሴት የተመዘገበው የናይል ከፍታ እ.ኤ.አ. ከ622 ጀምሮ ያለ ሲሆን፣ የበጋው ሙላት በዋናነት የኢትዮጵያ ደጋ ክረምት ውጤት ስለሆነ የአገራችንን ክረምት በሩቅ ሆኖ የመዘገበ ሰነድ ነው።

የዚህ ልኬት ትምህርት «አማካይ» የሚባለው ነገር በመስኮቱ ስፋት የሚለዋወጥ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1961 እስከ 1990 በነበሩት ዓመታት የአባይ አማካይ ፍሰት ወደ 46 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ዝቅ ብሎ ነበር፤ በውስጡ የ1970ዎቹና የ1980ዎቹ ደረቅ ዓመታት ስለሚገኙበት ነው። የአሜሪካኖቹ ጥናት የተካሄደበት ጊዜ ግን ከእነዚያ ዓመታት ይልቅ እርጥብ ነበር። በአንዱ መስኮት የተመዘነ ሞዴል በሌላው መስኮት ሲመዘን የሚያገኘው ውጤት አንድ አይሆንም።

ጉባ፣ አሶሳና ጮቄ

አሶሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። የሕዳሴ ግድብ ሐይቅ ሙሉ በሚሆንበት ጊዜ የውሃው ወለል 640 ሜትር ላይ ነው። ሁለቱ ቦታዎች በአየር መስመር የሚራራቁት ከ150 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ርቀት ነው። የአንድ ዓለም አቀፍ ሞዴል አንድ ሣጥን ሁለቱንም፣ ከዚያም አልፎ የሱዳንን ሜዳ ከፊል፣ በአንድ ከፍታና በአንድ ሙቀት ሊጠቀልላቸው ይችላል። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲለያይ ሙቀት በ6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሚለያይ፣ የሣጥኑ ሙቀት ለአሶሳ ሲሞቅ ለጉባ ይቀዘቅዛል። ይህ ዓይነቱ ልዩነት የከፍታውን ልዩነት በማስላት በቀላሉ ይስተካከላል። የዝናቡ ግን እንዲህ አይስተካከልም።

ምክንያቱ መልክዓ ምድሩ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው የጮቄ ተራራና በአንዳንድ ቦታ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ የሚጠልቀው የአባይ ሸለቆ በአንድ ሣጥን ውስጥ ሲደባለቁ መካከለኛ ከፍታ ያለው ለጥ ያለ አምባ ይሆናሉ። እርጥብ ነፋስ ተራራውን ሲወጣ ቀዝቅዞ የሚያወርደው ዝናብና ሸለቆው ከተራራው ጥላ ሥር ሆኖ የሚያጣው ዝናብ ሁለቱም ይጠፋሉ።

በጉባ በሚዘንበው ዝናብ ላይ ተመሥርቶ የግድቡን ውሃ ማስላት ከዚህ የባሰ ስህተት ነው። የጉባ ቆላ ከአሶሳ ያነሰ ዝናብ ያገኛል፤ ወደ ሐይቁ የሚገባው ውሃ በአብዛኛው የጎጃም፣ የደቡብ ጎንደር፣ የወሎ፣ የሰሜን ሸዋና የወለጋ ደጋ ዝናብ ነው። ስለዚህ አንድ ሞዴል የጉባን ዝናብ በትክክል አሳይቶ ለግድቡ የማይጠቅም፣ የጉባን ዝናብ ስቶም ለግድቡ የሚጠቅም ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ በወረዳው ማሽላ ለሚዘራ ገበሬ፣ ለመጠጥ ውሃ ጉድጓድና ለወባ መከላከል ሥራ የሚያስፈልገው የቆላው የራሱ ዝናብና ሙቀት ነው። አንድ ሞዴል «ለጉባ ጥሩ ነው» ሲባል ለየትኛው ጉባ እንደሆነ መጠየቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሞዴሎቹ የሚሳካላቸውና የማይሳካላቸው

በሙቀት ረገድ የሞዴሎቹ ምስክርነት ጠንካራ ነው። የብሔራዊ ሜትዎሮሎጂ ኤጀንሲ ትንተና እ.ኤ.አ. ከ1951 እስከ 2006 የአገሪቱ የሌሊት ዝቅተኛ ሙቀት በየአሥር ዓመቱ በ0.37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ መጨመሩን አሳይቷል። ሞዴሎቹም ለዚሁ ዘመን ሙቀት መጨመርን ያሳያሉ፤ ጋዞቹ ባይጨመሩ ኖሮ ይህን እንደማያሳዩም በተለየ ስሌት ተረጋግጧል።

የዝናብ ወቅትም በምዕራብ ኢትዮጵያ በመጠኑ ይሳካላቸዋል። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ አንድ የዝናብ ወቅት ያለው ክልል ነው፤ ዝናቡ ከሚያዝያና ግንቦት ጀምሮ እየበረታ ሄዶ በሐምሌና ነሐሴ ይከፍታል፣ በመስከረምና ጥቅምት ያበቃል። ከሰሜንና ከደቡብ የሚመጡ ነፋሳት የሚገናኙበት ቀጣና ከፀሐይ ጋር ወደ ሰሜን ሲወጣና ሲመለስ የሚፈጠር ዑደት በመሆኑ፣ ሞዴሎቹ ይህን ትልቅ እንቅስቃሴ ይይዙታል። የሚስቱት ዝርዝሩን ነው፤ አንዳንዶቹ ክረምቱን ቀድመው ያስገባሉ፣ ሌሎቹ አርዝመው ያወጣሉ። ለዘር ጊዜ የሁለት ሳምንት ልዩነት ትልቅ ነው።

የዝናቡ መጠን ላይ ሲደረስ የሞዴሎቹ ልዩነት ይሰፋል። ለክረምቱ እርጥበት ከሕንድ ውቅያኖስ፣ ከኮንጎ ተፋሰስ፣ እንዲሁም ከቀይ ባሕርና ከሜዲትራኒያን በኩል ይመጣል። አንድ ሞዴል ከእነዚህ የአንዱን ነፋስ አቅጣጫ በትንሹ ቢስት ደጋው የሚያገኘው ውሃ ይለወጣል። ሌላው የታወቀ ድክመት የነጎድጓድ ደመና ነው። አንድ የነጎድጓድ ደመና ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ስፋት ስላለው በትልቅ ሣጥን ውስጥ በቀጥታ ሊሰላ አይችልም፤ በግምታዊ ቀመር ይተካል። ውጤቱም ሞዴሉ በብዙ ቀናት ቀለል ያለ ካፊያ ማዝነቡ፣ በቀኑም ውስጥ ከእውነተኛው ሰዓት ቀድሞ ማዝነቡ ነው። የወር ድምሩ ትክክል ሆኖ ሳለ የዝናቡ ዓይነት የተሳሳተ ይሆናል። ቁልቁለት ላይ ያለን አፈር ጠርጎ ወደ ሐይቁ የሚያስገባው ግን ካፊያው ሳይሆን ዶፉ ነው። የብሪታንያ ሜትዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት መላውን አፍሪካ በ4.5 ኪሎ ሜትር ሣጥን ለ10 ዓመታት ያህል አስልቶ ባደረገው ሙከራ የዝናቡ ሰዓትና ጥንካሬ ወደ እውነታው ቀርቧል። ይሁን እንጂ የስሌቱ ወጪ ከፍተኛ በመሆኑ እንዲህ ያሉ ስሌቶች ገና ጥቂት ናቸው፣ የሚሸፍኑትም አጭር ዘመን ነው።

አካባቢያዊ ሞዴሎችን በተመለከተ፣ በኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ሁሴን ሰይድ እንድሪስ መሪነት እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ጥናት እስካሁን መነሻ ሆኖ ያገለግላል። ጥናቱ አሥር የኮርዴክስ ሞዴሎችን ለ1990–2008 ዘመን በምሥራቅ አፍሪካ መዝኗል። አብዛኞቹ የዝናቡን ዋና ዋና ገጽታዎች እንደሚያሳዩ፣ ኤልኒኖ በዝናብ ላይ የሚያሳድረውንም ተጽዕኖ በአመዛኙ እንደሚይዙ፣ ነገር ግን እያንዳንዱ ሞዴል እንደ አካባቢውና እንደ ወቅቱ ጉልህ ስህተት እንዳለው አረጋግጧል። የሁሉም አማካይ ከማናቸውም በተናጠል የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ የመጨረሻው ውጤት በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባዋል። አማካይ የተሻለ የሚሆነው ስህተቶች እርስ በርስ ስለሚጣፉ ነው፤ የሞዴሎቹ ድርቅና ጎርፍም አብሮ ይጣፋል። ለአማካይ ክረምት አማካዩን፣ ለክፉ ክረምት ግን እያንዳንዱን ሞዴል ለየብቻ ማየት ያስፈልጋል።

የኤልኒኖ ጉዳይ ለአባይ የሕይወት ያህል ነው። የ1964፣ የ1979 እና የ2007 ዓ.ም. ክረምቶች ያነሱት ኤልኒኖ በነበረባቸው ዓመታት ነው፤ የ1980 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በላኒና ወቅት ወንዙን አጥለቅልቆታል። ውቅያኖሱን ራሳቸው የሚያሰሉት ዓለም አቀፍ ሞዴሎች ኤልኒኖን ይፈጥራሉ፤ ነገር ግን ፓስፊክ ላይ የተፈጠረው ሙቀት በኢትዮጵያ ደጋ ክረምት ላይ የሚያስከትለው ውጤት በአንዱ ሞዴል ጠንካራ፣ በሌላው ደካማ ነው። አማካይ ዝናቡን በትክክል የሚያሳይ ሞዴል ይህን ግንኙነት ሊስት ይችላል፤ ተቃራኒውም ይሆናል። በናይል ምንጮች አካባቢ የአምስተኛውን ዙር ሞዴሎች የመዘኑ ተመራማሪዎች በሁሉም መስፈርት የሚመራ አንድ ሞዴል አለማግኘታቸው የሚያስገርም አይደለም።

ለመመዘን እጅግ የሚከብደው ለግድቡ ደግሞ እጅግ የሚያስፈልገው ነው፤ ይኸውም የተከታታይ ዓመታት ድርቅ። በ30 ወይም በ40 ዓመት የልኬት መዝገብ ውስጥ እንደ 1970ዎቹና 1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ያለ ረጅም ደረቅ ዘመን አንድ ጊዜ ቢገኝ ነው። በአንድ ምሳሌ ሞዴልን «ድርቅን ያውቃል» ወይም «አያውቅም» ብሎ መፍረድ አይቻልም። የሮዳን መዝገብ የመሰሉ ረጅም ሰነዶች ዋጋቸው እዚህ ላይ ነው፤ እንግሊዛዊው የውሃ መሐንዲስ ሃሮልድ ኸርስት የናይል ደረቅና እርጥብ ዓመታት በዘፈቀደ ከሚጠበቀው በላይ ተቧድነው እንደሚመጡ ያስተዋለው ከእንዲህ ያለው ረጅም መዝገብ ነው።

ከዝናብ ወደ ፍሰት፦ ትንሽ ስህተት እንዴት ትልቅ ይሆናል?

በላይኛው አባይ ተፋሰስ በዓመት በአማካይ 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል። ከዚህ ውስጥ በድንበሩ የሚያልፈው ወደ 260 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ይህም ከአንድ አምስተኛ በታች ነው። የቀረው በትነትና በዕፅዋት በኩል ወደ አየር ይመለሳል። አንድ ሞዴል ዝናቡን በአሥር በመቶ አሳንሶ ቢያሳይ 140 ሚሊ ሜትር ጎደለ ማለት ነው። ትነቱ ባይለወጥ ኖሮ ፍሰቱ ከግማሽ በታች ይወርድ ነበር። በእርግጥ ዝናብ ሲያንስ ትነቱም ስለሚያንስ ጉዳቱ ይህን ያህል አይሆንም፤ የፍሰቱ ስህተት ግን ሁልጊዜ ከዝናቡ ስህተት ይበልጣል። የአሥር በመቶ የዝናብ ስህተት ደግሞ በሞዴሎች ዓለም እንደ ትንሽ የሚቆጠር ነው።

የዚህ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2009 ኤልሻሚና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት በግልጽ ታይቷል። 17 ዓለም አቀፍ ሞዴሎችን ወስደው፣ ያለፈውን ዘመን ስህተታቸውን አርመው፣ የዚህን ክፍለ ዘመን መጨረሻ የአባይ ፍሰት አስልተዋል። የዝናቡ ለውጥ ከ15 በመቶ ቅነሳ እስከ 14 በመቶ ጭማሪ ሲሆን፣ የፍሰቱ ለውጥ ግን ከ60 በመቶ ቅነሳ እስከ 45 በመቶ ጭማሪ ደርሷል። አማካዩ የ15 በመቶ ቅነሳ ቢሆንም፣ ጥናቱ ራሱ ይህ አኃዝ እጅግ አጠራጣሪ መሆኑን አስጠንቅቋል። ይህን አማካይ ብቻ ነቅሶ «አባይ በ15 በመቶ ይቀንሳል» ማለት ጥናቱን አለማንበብ ነው፤ «በ45 በመቶ ይጨምራል» የሚለውን ብቻ መምዘዝም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ2017 ሲያምና ኤልታሂር ያሳተሙት ጥናት ደግሞ ትኩረቱን ከአማካዩ ወደ መለዋወጡ አዙሮ፣ የናይል ፍሰት ከዓመት ዓመት የሚያሳየው መለዋወጥ በዚህ ክፍለ ዘመን በግማሽ ያህል ሊጨምር እንደሚችል አመልክቷል፤ የተሰጠው የስህተት ወሰን ግን ሲደመር ሲቀነስ 35 በመቶ በመሆኑ ሰፊ ነው።

የ«ምሥራቅ አፍሪካ» ውጤት ለጉባ አይሠራም

በአየር ንብረት ጥናቶች «የምሥራቅ አፍሪካ እንቆቅልሽ» በሚል የሚታወቅ ነገር አለ። ሞዴሎች የመጋቢት–ግንቦት ዝናብ እንደሚጨምር ሲያሳዩ፣ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባሉት አሥርተ ዓመታት ልኬቱ መቀነስን አሳይቷል። ይህ ጉዳይ ለሶማሌ፣ ለቦረናና ለሰሜን ኬንያ አርብቶ አደር አካባቢዎች እጅግ አሳሳቢ ነው። ለጉባና ለአሶሳ ግን ወቅቱም ሆነ የዝናቡ አመጣጥ የተለየ ነው። የአንድ ሰነድ ርዕስ «ምሥራቅ አፍሪካ» ስላለ ብቻ ውጤቱን ወደ መተከል ማዛወር የተለመደ ስህተት ነው። የናይሮቢን ሁለት ዝናባማ ወቅቶች በማዛባቱ የተወቀሰ ሞዴል የጎጃምን አንድ ክረምት በደንብ ሊያሳይ ይችላል።

ስለ እርማትና ስለ አጠቃቀም

በተግባር የሞዴል ዝናብ በቀጥታ ወደ ውሃ ስሌት አይገባም፤ በመጀመሪያ ከልኬት ጋር እንዲጣጣም በስታቲስቲክስ ዘዴ ይታረማል። እርማቱ አስፈላጊ ነው፤ ሆኖም ሁለት ነገሮች መታወስ አለባቸው። አንደኛ፣ ከእርማት በኋላ ሞዴሉ ካለፈው ዘመን ልኬት ጋር መግጠሙ ማስረጃ አይደለም፤ እንዲገጥም ተደርጎ ነውና። ምዘናው ከእርማቱ በፊት፣ ወይም ለእርማቱ ባልዋሉ ዓመታት ላይ መደረግ አለበት። ሁለተኛ፣ እርማቱ የሞዴሉ ስህተት ወደፊትም እንዳለ ይቀጥላል ብሎ ያስባል። ክረምቱን አንድ ወር አሳልፎ የሚያስገባ ሞዴል መጠኑ ቢታረምለትም ነፋሱን መሳቱ አይታረምለትም።

ከዚህ በመነሳት ለዕቅድ ሥራ ሞዴሎችን የሚጠቀም ባለሙያ በቅድሚያ የሚወስነውን ውሳኔ ለይቶ፣ ሞዴሉን በዚያው ጉዳይ መመዘን ይጠበቅበታል። ለኃይል ማመንጫ የደጋው የሰኔ–መስከረም ድምር፣ መለዋወጡና የኤልኒኖ ምላሹ ይመዘናል። ለዘር ወቅት የክረምቱ አገባብና በመሐሉ የሚከሰቱ ደረቅ ቀናት፣ ለደለል ደግሞ የዶፍ ዝናብ ቀናት ይመዘናሉ። ለሙቀት ጥያቄዎች ሞዴሎቹን ማመን ይቻላል፤ ለአንድ ወረዳ የዝናብ መጠን አንድ ሞዴልን ብቻ ማመን አይቻልም።

ጉባን በተመለከተ አንድ አዲስ ነገር ተጨምሯል። ሐይቁ ሲሞላ ከ1,800 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሸፍናል፤ ይህም ከጣና ስፋት ከግማሽ በላይ ነው። ያለፈውን ዘመን የሚያሳዩት ስሌቶች በዚያ ሥፍራ የሚያውቁት ቁጥቋጦና ሣር የበዛበትን ሞቃት ቆላ እንጂ ውሃ አይደለም። እስከ 2012 ዓ.ም. ክረምት፣ ማለትም የመጀመሪያው ሙሌት እስከተከናወነበት ጊዜ ድረስ የተወሰዱ ልኬቶችም እንዲሁ ናቸው። ከዚያ ወዲህ በሐይቁ ዙሪያ የሚመዘገበው የሌሊት ሙቀት፣ የአየር እርጥበትና የነፋስ ለውጥ ከዓለም አቀፉ ሙቀት መጨመር የመጣውንና ከሐይቁ የመጣውን አደባልቆ የያዘ ይሆናል። ሁለቱን ለመለየት ከሐይቁ ዳርቻ አጠገብና ከሐይቁ ራቅ ብለው በተመሳሳይ ከፍታ ላይ የሚገኙ ጣቢያዎችን መዝገብ ጎን ለጎን መያዝ ያስፈልጋል። ከሐይቁ ወለል የሚተነውን ውሃ በተመለከተም ከሞዴል የሚገኘው ግምት በቦታው በሚደረግ ልኬት ሊፈተን ይገባዋል።